በየወሩ የሚከፍለው ፈንድ የቱ ነው? ለጡረታ የዲቪደንድ ፈንድ አመራረጥ

የጥር ወር ተጋምሶ 1099 የሚባሉት የገቢ ማሳወቂያ ወረቀቶች በፖስታ መግባት ሲጀምሩ፣ ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች አንድ ጥያቄ ያበዛሉ፦ «እህቴ፣ በየወሩ የሚከፍለው ፈንድ የቱ ነው?» የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ የግብር ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ደንበኞቼ የታክሲ ሹፌሮች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ አረጋውያንን ቤት ለቤት የሚንከባከቡ እህቶች ናቸው። ብዙዎቹ ስልሳን ተሻግረዋል ወይም እየተጠጉ ነው። የኢንቨስትመንት አማካሪ ፈቃድ የለኝም፤ ይህን ግዙ ያንን ሽጡ ማለትም ሥራዬ አይደለም። ፈንዱ ለሰዎች ምን እንደከፈላቸውና ከከፈላቸው ውስጥ ምን ያህሉ እውነተኛ ትርፍ እንደነበረ ግን በየዓመቱ በወረቀታቸው ላይ አያለሁ። ከዚያ የተማርኩትን ነው የምጽፈው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ክፍያው በየወሩ መምጣቱ ከመምረጫ መስፈርቶች ሁሉ የመጨረሻው መሆን አለበት። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ከዓመት ዓመት ያድግ እንደሆነ ነው። በየወሩ እንዲደርሳችሁ ማድረግ እናንተው በአንድ ቀን ውስጥ የምታስተካክሉት ነገር ነው፤ እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ አሳያለሁ።

አገር ቤት የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ዲቪደንድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ባንኩ ሂሳቡን ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል፣ ክፍያው በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። እዚህ አሜሪካ አብዛኞቹ ኩባንያዎች የሚከፍሉት በየሦስት ወሩ ነው። የዲቪደንድ ፈንድ ማለት ደግሞ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ ይዞ፣ የተቀበለውን ዲቪደንድ ሰብስቦ ለእናንተ የሚያስተላልፍ ነው።

መጀመሪያ የጎደለውን እወቁ

ፈንድ ከመፈለጋችሁ በፊት ሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ገብታችሁ አካውንት ክፈቱና መግለጫችሁን አንብቡ። ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ 40 ክሬዲት ሞልቷል ወይ? በተለመደው አሠራር ይህ 10 ዓመት ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ የገቢያችሁ ዝርዝር ትክክል ነው ወይ? የጡረታ ክፍያው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ባገኛችሁባቸው 35 ዓመታት ነው። በ40 ዓመቱ በዲቪ የመጣ ሰው እስከ 67 ቢሠራ 27 ዓመት ብቻ ነው የሚኖረው፤ የቀሩት 8 ዓመታት ዜሮ ሆነው ይገባሉ። በታክሲ ሥራ ላይ ገቢያቸውን ዝቅ አድርገው ያስመዘገቡ ሰዎችም ውጤቱን እዚሁ መግለጫ ላይ ያገኙታል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም አንድ ተጨማሪ የሥራ ዓመት አንዱን ዜሮ ይተካል።

በ1960 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉ የጡረታ ዕድሜ 67 ነው። በ62 ከጀመረ ክፍያው በ30 በመቶ ይቀንሳል። ከ67 በኋላ ለሚያዘገየው እያንዳንዱ ዓመት እስከ 70 ድረስ 8 በመቶ ይጨመርለታል። ክፍያው በየወሩ ይመጣል፣ ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከላል፣ ዕድሜ ልክ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚሰጥ የዲቪደንድ ፈንድ የለም። ጤናው የፈቀደለት ሰው የመጀመሪያ «ወርኃዊ ከፋይ» ሶሻል ሴኩሪቲን ማዘግየት ነው እላለሁ፤ ለብዙዎች የምነግረውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ባልና ሚስት ናቸው እንበል፣ የወር ወጪያቸው 3,900 ዶላር ነው፤ አገር ቤት ለቤተሰብ የሚልኩትንም ይጨምራል። (ብዙ ሰው ይህን ወጪ ሳይቆጥር ያሰላል። የእናት መድኃኒትና የእህት ልጅ ትምህርት ቤት ጡረታ ወጣሁ ብላችሁ አይቆሙም።) የሁለቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ተደምሮ 2,600 ነው። የጎደለው በወር 1,300፣ በዓመት 15,600 ዶላር ነው። የሚፈለገው ይህ ብቻ ነው። ፈንዱ ኑሯቸውን በሙሉ እንዲሸከም አይጠበቅም።

10 በመቶ የሚከፍለው ለምን ያጓጓል?

ባልና ሚስቱ ያጠራቀሙት 380,000 ዶላር ነው። አንዱ ፈንድ 3.7 በመቶ፣ ሌላው 10 በመቶ እከፍላለሁ ሲል ሰው ወደ 10ሩ ቢያደላ አይገርምም፤ በዓመት 38,000 ዶላር ማለት ነው። ዪልድ የሚባለው ይህ ቁጥር ግን ያለፈውን ክፍያ ለዛሬ ዋጋ አካፍሎ የተገኘ ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ ሲወድቅ ቁጥሩ በራሱ ይጨምራል፤ ኩባንያው እየታመመ ዪልዱ ያምራል። ዎልግሪንስ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዲቪደንዱን ሲያሳድግ ኖሮ በጥር 2024 ክፍያውን በግማሽ ያህል ቆረጠ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጭራሽ አቆመ። ከመቆረጡ በፊት ዪልዱ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ2009 የሩብ ዓመቱን ክፍያ ከ31 ሳንቲም ወደ 10 አወረደ፤ በ2018 ወደ 1 ሳንቲም ደረሰ። ኢንቴልም በ2024 አቆመ። አንድ ኩባንያ ላይ መደገፍን ትተን ፈንድ የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ ፈንድ ሲሆንም ምን እንደያዘ ማየት የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው።

ዛሬ በየወሩ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፍሉት ፈንዶች አብዛኞቹ ከቨርድ ኮል በሚባለው ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። ዘዴውን ሳይረዳ ማንም እንዲገዛቸው አልመኝም። አንድ ሰው 500 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት አለው እንበል። ለሌላ ሰው «በሚቀጥለው ወር ቤቱ ምንም ቢወደድ በ510 ሺህ እሸጥልሃለሁ» ብሎ ቃል ይገባና ለቃሉ ገንዘብ ይቀበላል። ዋጋው ካልጨመረ የተቀበለው ገንዘብ ትርፉ ነው። ቤቱ 600 ሺህ ከገባ ግን ከ510 በላይ ያለው ሁሉ የዚያ ሰው ነው። ዋጋው ቢወርድስ? ኪሳራው የባለቤቱ ነው። ፈንዱ በየወሩ ይህን ቃል በአክሲዮን ላይ እየሸጠ የተቀበለውን ያከፋፍላል። ስለዚህ ወሩ ሲደርስ የሚመጣው ገንዘብ በከፊል የነገ እድገታችሁ ዋጋ ነው።

ኪውዋይኤልዲ የሚባለው ፈንድ ይህን በደንብ ያሳያል። በ2013 መጨረሻ ሥራ ሲጀምር ዋጋው 25 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በ2024 ከ17 እስከ 18 ዶላር ላይ ይዋልል ነበር። አክሲዮኖቹን የሚወስድበት ናስዳክ 100 (የ100 ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ) በዚሁ ጊዜ ከ3,500 ነጥብ ገደማ ተነስቶ ወደ 21,000 ደርሷል። ባለ ፈንዱ በየወሩ ተከፍሎታል፣ አልተዋሸም። ግን የያዘው ነገር ራሱ ቀንሷል፤ ክፍያው የሚሰላውም ከዚያው ከቀነሰው ነው። በዚያ ላይ ፈንዱ ለአስተዳደር ከእናንተ የሚወስደው የዓመት ክፍያ 0.60 በመቶ አካባቢ ነው፤ በ100,000 ዶላር ላይ 600 ዶላር ማለት ነው።

ሁሉም አንድ ናቸው አልልም። ጄፒ (JEPI) የሚባለው የጄፒ ሞርጋን ፈንድ በግንቦት 2020 የተጀመረ ነው፤ የአስተዳደር ክፍያው 0.35 በመቶ ነው፣ የሚይዛቸውም ብዙም የማይዋዥቁ ኩባንያዎች ናቸው። በ2022 የኤስ ኤንድ ፒ 500 ገበያ (የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች መለኪያ) 18 በመቶ ሲወድቅ እርሱ የወደቀው 3.5 በመቶ ገደማ ነው። በ2023 ገበያው 26 በመቶ ሲያድግ ግን እርሱ ወደ 10 በመቶ ብቻ አገኘ። በወር የሚከፍለውም አይጸናም፤ በአንዱ ወር የከፈለው በሌላው በግማሽ የሚያንስበት ጊዜ አለ። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ገንዘቡ አድጎ ለልጆቹ እንዲተርፍ የማያስበው፣ ገንዘቡ ሮት አይአርኤ (ራሳችሁ የምትከፍቱት፣ ስታወጡ ግብር የሌለበት የጡረታ አካውንት) ውስጥ ያለ ሰው ትንሽ ቢይዝ አልቃወምም። የሃምሳ ዓመት ሰው ሙሉ ጡረታውን እዚያ ሲያስገባ ግን ልቤ ይረበሻል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ብቻ ተመሥርተው 30፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ እንከፍላለን የሚሉ መጥተዋል። በ1099-ዲአይቪ (የዲቪደንድ መግለጫ) ወረቀታችሁ ላይ ሣጥን 3ን እዩ። እዚያ የሚጻፈው የራሳችሁ ካፒታል ተመልሶ የተሰጣችሁ ነው። አንዳንድ የሪል እስቴት ፈንድ በሒሳብ አያያዝ ምክንያት እዚያ ሣጥን ውስጥ ጥቂት ሊያስገባ ይችላል፤ አያስደነግጥም። ሣጥን 3 ከሣጥን 1ኤ ሲበልጥና የፈንዱም ዋጋ በየዓመቱ ሲወርድ ስታዩ ግን የምትበሉት የራሳችሁን ገንዘብ ነው፣ ለዚያውም ክፍያ እየከፈላችሁ።

ፈንዱን እንዴት ላንብበው?

ምሳሌ ልውሰድና ኤስሲኤችዲን እናንብብ። የሽዋብ ፈንድ ነው፣ በጥቅምት 2011 ተጀመረ። ወደ 100 ኩባንያዎች ይይዛል። ኩባንያው ለመግባት ቢያንስ 10 ዓመት በተከታታይ ዲቪደንድ የከፈለ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከዕዳው አንጻር የሚያስገባው ጥሬ ገንዘብ፣ ትርፋማነቱ፣ ዪልዱና የአምስት ዓመት የዲቪደንድ እድገቱ ይመዘናል። በመደልደያው ጊዜ አንድ ኩባንያ ከ4 በመቶ በላይ እንዲይዝ አይፈቀድም። የሪል እስቴት ድርጅቶች አይገቡም። ዝርዝሩ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ይታደሳል። የአስተዳደር ክፍያው 0.06 በመቶ ነው፣ በ100,000 ዶላር 60 ዶላር።

አሁን ዋናው ነገር። በ2012 ለአንድ አክሲዮን በዓመት 81 ሳንቲም ገደማ ከፍሏል። በ2023 2 ዶላር ከ66 ሳንቲም አካባቢ ከፍሏል። (በጥቅምት 2024 አንዱ አክሲዮን ወደ ሦስት ተከፋፍሏል፤ ዛሬ የምታዩት ቁጥር ትንሽ የሆነው ለዚያ ነው።) ክፍያው ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ይህ ለጡረተኛ ከዪልዱ ይበልጣል። ዛሬ የምትቀበሉት 1,300 ዶላር ምንም ሳይጨምር ቢቆይ፣ ዋጋ በዓመት 3 በመቶ ቢወደድ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚገዛው ዛሬ 720 ዶላር የሚገዛውን ነው። በ65 ጡረታ የወጣ ሰው 85 መድረሱ ዛሬ የተለመደ ነው።

ኤስሲኤችዲም ቢሆን የሚያስከፋ ዓመት አለው። በ2023 ገበያው 26 በመቶ ሲያድግ እርሱ ያገኘው 5 በመቶ እንኳ አልሞላም። ጎረቤት ስለ ቴክኖሎጂ አክሲዮን ሲያወራ ዝም ብሎ መያዝ የማይችል ሰው ይህን ፈንድ ባይገዛ ይሻለዋል፤ በመጥፎው ዓመት ሸጦ በጥሩው ዓመት መግዛት ከምንም ክፍያ የበለጠ ይጎዳል።

የቫንጋርድ ቪአይጂ የተለየ ሐሳብ አለው። 10 ዓመት በተከታታይ ዲቪደንድ ያሳደጉትን ይወስድና ከመካከላቸው ዪልዳቸው በጣም ከፍ ያለውን ሩብ ያስወጣል፣ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል ብሎ። ስለዚህ የሚከፍለው ከ2 በመቶ በታች ነው፤ እድገቱ ግን ጥሩ ነው። ለጡረታ ከአሥር ዓመት በላይ ለቀረው ሰው ከኤስሲኤችዲ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ቪዋይኤም ደግሞ በጣም ሰፊ ነው፣ ብዙ መቶ ኩባንያዎች ይይዛል። ኖብል የሚባለው 25 ዓመት በተከታታይ ያሳደጉትን ብቻ ይይዛል፤ ስሙ ያምራል፣ የአስተዳደር ክፍያው ግን 0.35 በመቶ ነው፣ ለእኔ ውድ ነው። ሀላል የሆነውን ብቻ ለሚፈልጉ ወንድሞችና እህቶች በሸሪዓ መስፈርት የተጣሩ ፈንዶች አሉ፤ ኤስፒኤስኬ የሚባለው የሱኩክ (በሸሪዓ የተፈቀደ የቦንድ ዓይነት) ፈንድ የሚከፍለውም በየወሩ ነው።

አንድ የማየው ነገር ልናገር። ሰዎች ኤስሲኤችዲን፣ ቪዋይኤምን፣ ኤችዲቪንና ሌላ ሁለት ሦስት ይጨምሩና «በትኛለሁ» ይላሉ። ውስጣቸው ያሉት ኩባንያዎች በአብዛኛው እነዚያው ናቸው። ሁለት ፈንድ በደንብ ከተመረጠ ይበቃል። የፈንዱ ድረ ገጽ ላይ ትልልቆቹን አሥር ይዞታዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና አወዳድሩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዲቪደንድ ሊከፈል ሲል ቀድሞ ገብቶ መግዛትም ጥቅም የለውም። ክፍያው በሚለይበት ቀን የፈንዱ ዋጋ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። እንዲያውም በዙሪያው ካሉት 121 ቀናት ውስጥ ከ60 ቀን በላይ ካልያዛችሁት ዝቅተኛውን የግብር ምጣኔ ታጣላችሁ።

ከሃምሳ በታች ለሆናችሁ ደግሞ ሳልሸፍን ልንገራችሁ፦ ለዲቪደንድ ፈንድ አትቸኩሉ። አሠሪያችሁ 401ኬ (በአሠሪ በኩል የሚቆጠብበት የጡረታ አካውንት) ላይ የሚጨምርላችሁ ካለ ያን ሙሉ በሙሉ ውሰዱ፣ የመላውን ገበያ ፈንድ ወይም በጡረታ ዓመታችሁ የተሰየመውን ፈንድ ያዙ። ዲቪደንዱ ሲደርስ ይደረስበታል።

የት አካውንት ውስጥ?

በዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ሲባክን አያለሁ፣ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

የተለመደው አይአርኤ ወይም 401ኬ ውስጥ ያለ ፈንድ የሚከፍለው ዲቪደንድ በዚያ ዓመት ግብር የለበትም። ስታወጡት ግን ሁሉም እንደ ደመወዝ ይቆጠራል፣ ዲቪደንድ መሆኑ ቀርቶ። ሮት አይአርኤ ውስጥ ከሆነ፣ 59 ዓመት ተኩል ከሞላችሁና አካውንቱ አምስት ዓመት ካለፈው፣ ስታወጡም ግብር የለም። ከቨርድ ኮልና የሪል እስቴት ፈንድ መያዝ ከፈለጋችሁ ቦታቸው ሮት ነው፣ ክፍያቸው በአብዛኛው እንደ ተራ ገቢ ስለሚታይ።

በተራ የብሮከሬጅ አካውንት (አክሲዮንና ፈንድ የሚገዛበት፣ የጡረታ ያልሆነ) ውስጥ እነ ኤስሲኤችዲ ይሻላሉ። 1099-ዲአይቪ ላይ ሣጥን 1ቢ ውስጥ የሚገባው «ኳሊፋይድ» ዲቪደንድ የራሱ ዝቅተኛ ምጣኔ አለው። በ2025 የግብር ዓመት፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢያቸው እስከ 96,700 ዶላር የሆነ ባልና ሚስት (ለአንድ ሰው 48,350) በዚህ ዲቪደንድ ላይ ለፌደራል የሚከፍሉት ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ለአብዛኛው ሰው 15 በመቶ ነው። ሜሪላንድ ግን አትምርም፤ ስቴቱ ዲቪደንዱን እንደ ማንኛውም ገቢ ያየዋል፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲም 3.2 በመቶውን ይወስዳል።

ዜሮ ምጣኔ ማለት ግን ዲቪደንዱ አይታይም ማለት አይደለም። የሶሻል ሴኩሪቲያችሁ ግማሽ ከሌላው ገቢ ጋር ተደምሮ ለባልና ሚስት 32,000፣ ለነጠላ 25,000 ዶላር ካለፈ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲው ላይ ከፊሉ ግብር ይነካዋል። ገና በሥራ ላይ ሆናችሁ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጥ የግብር ድጋፍ) የምታገኙ ደግሞ፣ በ2025 ከኢንቨስትመንት የመጣው ገቢ 11,950 ዶላር ካለፈ ክሬዲቱ ሙሉ በሙሉ ይቀራል።

ወደ ሮት ማስገባት የሚቻለው በ2025 እስከ 7,000፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ 8,000 ዶላር ነው፤ ለ2026 ወደ 7,500 እና 8,600 አድጓል። የአንዱን ዓመት እስከ ቀጣዩ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ ማስገባት ይቻላል። እቁብ የምትጥሉ ሰዎች ዕጣ ሲወጣላችሁ ከእጃችሁ ሳይወጣ ይህን ብትሞሉ ጥሩ ነው፤ እንዲህ የሚያደርጉ ደንበኞች አሉኝ፣ ዛሬ ከሁሉም በላይ የተረጋጉት እነርሱ ናቸው። የማትሠራ ሚስት ወይም የማይሠራ ባል እንኳ በሌላው ገቢ የራሱ አይአርኤ ሊኖረው ይችላል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ሴቨርስ ክሬዲት የሚባለውን ጠይቁ። ለጡረታ ካስገባችሁት እስከ 2,000 ዶላር ድረስ፣ እንደ ገቢያችሁ መጠን 10፣ 20 ወይም 50 በመቶው ከግብራችሁ ይቀነሳል። ብዙ ሰው መኖሩን ስለማያውቅ አይጠይቅም።

ኤስኤስአይ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) የሚቀበሉ እናት ወይም አባት አብረዋችሁ ካሉ በስማቸው ምንም ፈንድ አትክፈቱ። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ንብረት 2,000 ዶላር ብቻ ነው። «ለእማዬ በስሟ ትንሽ ላስቀምጥላት» ብሎ በቅንነት የተደረገ ነገር የወር ክፍያዋን ሊያስቆም ይችላል፤ ሜዲኬይዷም አደጋ ላይ ይወድቃል።

በየወሩ እንዲመጣ ማድረግ

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። 380,000 ዶላሩን እንዲህ ቢመድቡት፦ 150,000 ኤስሲኤችዲ፣ 78,000 ቪአይጂ፣ 114,000 ቢኤንዲ የሚባለው ሰፊ የቦንድ ፈንድ፣ 38,000 መኒ ማርኬት ፈንድ (ዋጋው የማይዋዥቅ፣ እንደ ቁጠባ የሚቀመጥ ፈንድ)። ለስሌት ያህል በቅደም ተከተል 3.7፣ 1.7፣ 3.8 እና 4 በመቶ እንውሰድ፤ እናንተ ስታሰሉ የዕለቱን ቁጥር ከፈንዱ ገጽ ላይ ውሰዱ። የዓመቱ ገቢ 5,550፣ 1,326፣ 4,332 እና 1,520፣ በድምሩ 12,728 ዶላር ይሆናል። ከሚፈልጉት 15,600 የሚጎድለው 2,872 ነው። ይህን ገበያው ጥሩ በሆነበት ዓመት ከአክሲዮን ፈንዱ ጥቂት በመሸጥ፣ መጥፎ በሆነበት ዓመት ከመኒ ማርኬቱ በማውጣት ይሞሉታል። ጠቅላላ የሚያወጡት ካላቸው 4.1 በመቶ ያህል ነው። አክሲዮን መሸጥን እንደ ውድቀት የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አላየውም። የተጠራቀመው ለዚሁ ቀን ነው።

ኤስሲኤችዲና ቪአይጂ የሚከፍሉት በመጋቢት፣ ሰኔ፣ መስከረምና ታኅሣሥ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ቢኤንዲና መኒ ማርኬቱ በየወሩ ይከፍላሉ። ታዲያ የምታደርጉት ይህ ነው። በሥራ ዘመናችሁ ዲቪደንዱ ራሱን በራሱ መልሶ እንዲገዛ የሚያደርገውን ምርጫ አብርታችሁ ቆዩ። ጡረታ ልትወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራችሁ አጥፉትና ዲቪደንዱ ሁሉ ወደ መኒ ማርኬቱ እንዲፈስ አድርጉ። ቢያንስ የሁለት ዓመት ጉድለታችሁ እዚያ እስኪጠራቀም ጠብቁ፤ በምሳሌያችን 31,200 ዶላር ነው፣ 38,000ው ይበቃል። ከዚያ ብሮከሬጁ ላይ አውቶማቲክ ዝውውር ክፈቱ፦ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን 1,300 ዶላር ወደ ቼኪንግ። ገንዘቡ ከአይአርኤ የሚወጣ ከሆነ ግብር እንዲቀነስም እዚያው ትመርጣላችሁ። በየጥር ወር አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ቁጥሩን እንደ ኑሮው ታስተካክላላችሁ። ፊደሊቲ፣ ሽዋብ፣ ቫንጋርድ ሁሉም ይህን ያደርጋሉ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። በስልክ ብትደውሉም አብረዋችሁ ይሞሉታል።

ቦንድም ይወድቃል፤ በ2022 ቢኤንዲ ወደ 13 በመቶ ወርዷል። መኒ ማርኬቱን ከፊት ያስቀመጥኩት እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ ምንም ነገር በርካሽ እንዳትሸጡ ነው።

ይህን ራሳችሁ ለማድረግ ከፈራችሁ ምክር ግዙ፣ ግን የምትከፍሉት ለምክሩ ብቻ ይሁን። በማኅበራችን ውስጥ «ዋስትና ያለው የወር ገቢ» እያሉ አኑዪቲ (ገንዘብ አስረክባችሁ በየጊዜው የሚከፈላችሁ የመድን ውል) እና የሕይወት መድን የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ አንተ ከዚህ ምን ያህል ኮሚሽን ታገኛለህ? ገንዘቤን ከሰባት ዓመት በፊት ባወጣ ስንት ይቆረጣል? የሦስት ቀን ጊዜ ወስጄ ለሌላ ሰው ላሳየው? ለሦስተኛው «አይቻልም» ካለ አትፈርሙ።

አገር ቤት ለመኖር ላሰባችሁ

የአሜሪካ ዜጋ ሶሻል ሴኩሪቲው ኢትዮጵያም ሆኖ ይከፈለዋል። ኤስኤስአይ ግን ከአገር ውጭ አንድ ወር ከቆዩ ይቆማል፤ ሜዲኬርም አዲስ አበባ ሆስፒታል አይከፍልም። ብሮከሬጆች የውጭ አድራሻ ላይ ጥብቅ ናቸው፤ አንዳንዶቹ አዲስ ፈንድ መግዛት ይከለክላሉ፣ አንዳንዶቹ አካውንቱን ይዘጋሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የግብር ሰነዱም በየዓመቱ ይቀጥላል፣ የትም ብትኖሩ።

የመጨረሻው ነገር የወራሽ ቅጽ ነው። አይአርኤ ላይ «ቤኔፊሻሪ»፣ በተራው አካውንት ላይ «ትራንስፈር ኦን ዴዝ» ይባላል። እዚህ ላይ የእኛ ስም አሠራር ብዙ ያስቸግራል። ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ እናት የራሷን አባት ስም ይዛለች፣ ወረቀት ላይ ሲታዩ አይዛመዱም። አንዱ ሰነድ «ኃይለ» የሚለውን በእንግሊዝኛ በአንድ መልክ፣ ሌላው ሰነድ በሌላ መልክ ጽፎታል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ወራሽ ስም ልክ ፓስፖርቱ ወይም መታወቂያው ላይ እንደተጻፈው፣ ከልደት ቀኑና ካለው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ጋር አስገቡ። የልደት ቀኑንም ከፈረንጅ ሰነዱ ላይ ውሰዱ፤ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ቀኑ የተዛባበት ብዙ ሰው አለ። ከተፋታችሁ፣ ካገባችሁ ወይም ከወለዳችሁ ቅጹን በዚያው ሳምንት አድሱት፤ ብሮከሬጁ የሚከፍለው ቅጹ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው፣ ኑዛዜያችሁ ሌላ ቢልም።